ምዕራፍ ስድስት፦ ቅዝቃዜው ያጠራል፣ ግፊቱ ይሞላል

ፍላቱን የጨረሰ ቢራ ገና ለመጠጥ አልደረሰም። አልኮሉ ገብቷል፣ የብቅሉ ጣዕም አለ፣ የሆፕሱ ምሬትም ቦታውን ይዟል። ብርጭቆ ላይ ሲቀዳ ግን ጉሽ ነው፤ አፍ ውስጥ ሲገባም ሕይወት የለውም። የቀሩት ሥራዎች ማጥራትና ጋዝ ማስያዝ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ለየብቻ ይነገራሉ፤ እኔ አንድ ላይ የማነሣቸው ግን በአንድ በርሚል፣ በአንድ ፍሪጅ፣ በአንድ ሰሞን ስለሚሠሩ ነው። ሁለቱም ቅዝቃዜ ይወዳሉ። የሚጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋዙን ለማፍጠን በርሚሉ ከተናጠ የጠራው መልሶ ይደፈርሳል። በርሚሉን ከቦታው ሳያነቃንቁ ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል፤ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

የቤት ጠማቂዎች የሚወዱት በርሚል መጀመሪያ ለቢራ የተሠራ አልነበረም። በሚኒሶታው ኮርኔሊየስ ኩባንያ ስም የሚጠራው ይህ ቀጭንና ረጅም የማይዝግ ብረት ዕቃ የለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ መያዣ ነበር፤ 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፔፕሲና ኮካ ኮላ ሽሮፓቸውን ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍሉት በእሱ ነበር። የፔፕሲው መግጠሚያ በትንንሽ የብረት ኳሶች፣ የኮካው ደግሞ ከጎኑ በወጡ ካስማዎች የሚቆለፍ ስለነበር ዛሬም የአንዱ ማያያዣ ለሌላው አይገጥምም። ስለዚህ አሮጌ በርሚል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መግጠሚያውን ይይ። ኩባንያዎቹ ሽሮፑን በካርቶን ውስጥ በተቀመጠ ፕላስቲክ ከረጢት መላክ ሲጀምሩ እነዚያ ሁሉ በርሚሎች ሥራ ፈቱ፤ በርካሽም ተሸጡ። ለአሜሪካ ጠማቂዎች ጊዜው ሠመረላቸው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ አንድ ጎልማሳ ብቻ የሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚኖሩበት ደግሞ 200 ጋሎን ቢራ ለራሱ ፍጆታ ያለ ቀረጥ እንዲጠምቅ ፈቅዶ ነበር። ይህን ያህል ጠርሙስ ማጠብና መክደን የሰለቸው ሁሉ ወደ በርሚሉ ዞረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አናቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ሞላላ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ከጎማ ቀለበት ጋር ተጣብቆ የሚዘጋው ከውስጥ በሚገፋው ግፊት ነው። ከክዳኑ ግራና ቀኝ ሁለት መግጠሚያዎች አሉ። አንዱ ጋዝ ያስገባል፤ ከሥሩ ያለው ቱቦ አጭር ነው። በሌላኛው ቢራው ይወጣል፤ የእሱ ቱቦ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ጠላ ከጋን ሲቀዳ ከላይ ነው፤ አተላው ከታች ይቀራል። ከዚህ በርሚል ግን መጀመሪያ የሚወጣው አተላው ራሱ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የመጀመሪያውን ብርጭቆ አይቶ ቢራው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል።

ለመሆኑ ቢራን ጉሽ የሚያደርገው ምንድን ነው? አንደኛው እርሾ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ገና ያልዘቀጠ። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ከገብስ ብቅል የመጣ ፕሮቲን ከገብሱ ገለባና ከሆፕሱ ከወጡት ፖሊፌኖል ከሚባሉት ውህዶች ጋር ይያያዛል። ማሰሪያቸው ደካማ ነው፤ ቢራው ሲሞቅ ይላቀቃሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይተሳሰራሉ። በክፍል ሙቀት ወለል ብሎ የሚታይ ቢራ ፍሪጅ ገብቶ ሲወጣ ጭጋግ የሚለብሰው፣ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ሲሞቅም ጭጋጉ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጭጋግ ለጤና አይጎዳም፤ ጣዕምም ብዙ አይለውጥም። ነገር ግን ቢራው ደጋግሞ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ፣ በተለይ ኦክስጅን ከገባበት፣ ማሰሪያው እየጠነከረ ይሄድና ጭጋጉ የማይለቅ ይሆናል።

የሁሉም ዕጣ መዝቀጥ ነው፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። መልሱን የሰጠው ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ የተባለው የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1851 ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሚሰምጥ ትንሽ ቅንጣት ፍጥነቱ ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ይሄዳል፤ ዲያሜትሩ 10 እጥፍ ሲያድግ ፍጥነቱ 100 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የአንድ እርሾ ሴል ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ነው። በቀዝቃዛ ቢራ ውስጥ ብቻዋን የቀረች ሴል በቀን የምትወርደው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ በበርሚሉ ውስጥ ያለው ቢራ ደግሞ ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። የጭጋጉ ቅንጣቶች ብዙዎቹ ከአንድ ማይክሮን በታች ናቸው፤ እነሱን ለብቻቸው እንዲዘቅጡ መጠበቅ የወራት ነገር ነው። ስለዚህ የማጥራት ጥበብ በሙሉ ትንንሹን አያይዞ ትልቅ ማድረግ ነው።

ቅዝቃዜ የሚረዳንም በዚሁ በኩል ነው። ብዙ ሰው ቅዝቃዜ ዝቃጩን የሚያከብደው ይመስለዋል። እንዲያውም ቅዝቃዜ ቢራውን ስለሚያወፍረው ቅንጣቶቹ ቀስ ብለው እንዲወርዱ ያደርጋል። ይሁን እንጂ እርሾው እርስ በርሱ እንዲያያዝ፣ ፕሮቲኑና ፖሊፌኖሉም እንዲተሳሰሩ ስለሚገፋ በአንድ እጁ ከወሰደው ይልቅ በሌላው የሚሰጠው ይበልጣል። ጭጋጉ መውጣቱ መጥፎ ምልክት መስሎ የሚታያቸው አሉ። መፍራት አያስፈልግም፤ ተያይዞ ያልወጣ ነገር አይወገድምና ጭጋጉ በርሚሉ ውስጥ ቢወጣ ብርጭቆው ውስጥ ከሚወጣ ይሻላል።

ሥራው የሚጀምረው ፍላቱ በእርግጥ ማብቃቱን በማረጋገጥ ነው፤ የስኳር መለኪያው በሁለት ቀን ልዩነት ያው ንባብ ከሰጠ አብቅቷል። ቢራው ከመፍያው ዕቃ ወደ በርሚሉ ሲገለበጥ አየር እንዳያገኘው መጠንቀቅ ግድ ነው፤ ኦክስጅን የቢራን መዓዛ ወደ እርጥብ ካርቶን ሽታ ይለውጣል። በጣም የማምነው ዘዴ በርሚሉን በማምከኛ ፈሳሽ እስከ አፉ ሞልቶ ፈሳሹን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ገፍቶ ማስወጣት ነው፤ ያን ጊዜ በውስጡ የሚቀረው ጋዙ ብቻ ነው። ቢራው ከገባ በኋላ ከላይ የቀረውን ክፍተት ማጽዳት ደግሞ እንዲህ ነው፦ ጋዙን እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ) ማስገባት፣ ከዚያ በክዳኑ ቫልቭ ማስተንፈስ። የውጭው አየር ራሱ ወደ 15 ፒ.ኤስ.አይ. ስለሚገፋ እያንዳንዱ ዙር የቀረውን አየር ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል። አምስት ዙር ሲሆን ከመጀመሪያው አየር ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይቀርም።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከዜሮ እስከ 2 ዲግሪ ሴልሺየስ። ከመቶ 5 እጅ አልኮል ያለው ቢራ መርጋት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ስጋት የለውም። ከማቀዝቀዝ በፊት ግን በርሚሉ ጋዝ ማግኘት አለበት። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ቢራውም ይጠጣዋል፤ ያለ ግፊት ፍሪጅ የገባ በርሚል ክዳኑ ይላላና የውጭውን አየር ይስባል። ብዙ መልካም ቢራ የተበላሸው በዚህች ትንሽ መዘናጋት ነው።

ቢራው አንድ ቀን ከቀዘቀዘ በኋላ ጄላቲን ይገባል። ለ19 ሊትር ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ጣዕም የሌለው የጄላቲን ዱቄት ይበቃል። ዱቄቱ ሩብ ሊትር በሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይነሰነሳል፤ ወዲያው ማማሰል አያስፈልግም። ሩብ ሰዓት ሲቆይ እያንዳንዱ ፍሬ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ ነጭነቱን ትቶ ብርሃን የሚያሳልፍ እብጥ ይሆናል። ከዚያ በዝግታ እየተማሰለ እስከ 65 ወይም 70 ዲግሪ ይሞቃል። እብጦቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ፈሳሹ ጥርት ብሎ ጣት ላይ ትንሽ የሚያጣብቅ ይሆናል። መፍላት የለበትም፤ ከፈላ ረጃጅሞቹ የፕሮቲን ሰንሰለቶች ይቆራረጡና የመያዝ ኃይላቸው ይቀንሳል። እንደሞቀ ቀዝቃዛው ቢራ ላይ በቀስታ ይፈሳል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ክፍተቱ እንደገና በጋዝ ይጸዳል። በቢራ አሲድነት ውስጥ ጄላቲኑ አዎንታዊ፣ እርሾውና ሌላው ጉሽ ደግሞ በአብዛኛው አሉታዊ ኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዙ ይሳሳባሉ፤ ተያይዘውም ይወርዳሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ሥራው ያልቃል።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀዳው ግማሽ ብርጭቆ ወፍራምና የገብስ ገንፎ ቀለም ያለው ዝቃጭ ነው፤ ይደፋል። ሁለተኛው ገና ዳመና አለበት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ብርጭቆውን ከጋዜጣ ፊት ቢይዙት ከበስተጀርባ ያለው ፊደል ይነበባል። ከዚያ ወዲያ በርሚሉ እስኪያልቅ ድረስ የሚወርደው የጠራ ቢራ ነው።

ጄላቲን ግን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ከከብት የሚሠራ አለ፣ ከአሳማ የሚሠራም አለ፤ በአሜሪካ ሱቆች በብዛት የሚገኘው የአሳማው ነው። አብዛኛው ከዝቃጩ ጋር ቢቀርም ጾም ለሚጠብቅ ወይም አሳማ ለማይቀምስ እንግዳ ሳይነግሩ ማቅረብ ነውር ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቴል አቪቭ ለወገኑ የሚጠምቅ ሰው ይህን ከማንም በላይ ማሰብ አለበት። የእንግሊዝ ጠማቂዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ኢሲንግላስም ቢሆን ከዓሣ የመዋኛ ከረጢት የሚዘጋጅ ነው። ከእንስሳ ነጻ የሆኑ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው አይሪሽ ሞስ የሚባለው የባሕር አረም ነው፤ ድፍድፉ ሲቀቀል ሊወርድ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ይጨመርና ፕሮቲኑን ገና ከመነሻው ያወርዳል። ሁለተኛው ባዮፋይን ክሊር በሚባል ስም የሚሸጠው የሲሊካ ውህድ ነው፤ እንደ ጄላቲን በቀዝቃዛ ቢራ ላይ ይፈሳል፣ ማሞቅም አያስፈልገውም። እኔ በግሌ ለማኅበር የሚቀርብን ቢራ በእነዚህ ብቻ ማጥራትን እመርጣለሁ፤ ማንንም ጥያቄ ውስጥ አያስገባምና።

ሁሉም ቢራ መጥራት አለበት ማለትም አይደለም። የባቫሪያ የስንዴ ቢራ እርሾው የጣዕሙ አካል ነው። ቬርሞንት ላይ የተነሣው በሆፕስ የበለጸገ ጉሽ ቢራም ጄላቲን ቢነካው ከዝቃጩ ጋር መዓዛውን ያጣል። እንዲህ ያለውን መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሰባኪና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1767 ሊድስ ከተማ ሲገባ መኖሪያው ከቢራ ፋብሪካ አጠገብ ነበር። በመጥመቂያ ገንዳዎቹ ላይ ተንሳፎ የሚቆየውን ጋዝ እያጠና ውሃን በዚያ ጋዝ መሙላት እንደሚቻል አገኘ፤ ዘዴውንም በ1772 አሳተመ። ሕጉን ያስቀመጠው ግን ሌላው እንግሊዛዊ ዊልያም ሄንሪ ነው፤ በ1803። ፈሳሽ የሚይዘው የጋዝ መጠን ከላዩ ካለው የዚያው ጋዝ ግፊት ጋር እኩል ይጨምራል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የሚይዘው ይቀንሳል፤ የሞቀ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ገንፍሎ እጅ የሚያርሰው ለዚህ ነው።

ጠማቂዎች የጋዙን መጠን በቮልዩም ይለካሉ፤ አንድ ቮልዩም ማለት በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ አንድ ሊትር ጋዝ፣ በክብደት ወደ 2 ግራም ነው። የተለመደው የላገር ቢራ 2.5 ቮልዩም አካባቢ ይይዛል፤ የስንዴ ቢራ ከ3 በላይ፤ የእንግሊዝ ባህላዊ የበርሚል ኤል ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ቢራው በ4 ዲግሪ ከሆነ 2.5 ቮልዩም ለማግኘት የጋዙን ግፊት የሚወስነው ሬጉሌተር 12 ፒ.ኤስ.አይ. ላይ ይቀመጣል። ያው ቢራ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ቢሆን ወደ 30 የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። ለማጥራት ብለን ያቀዘቀዝነው ቢራ ጋዝ ለመጠጣትም ተዘጋጅቶ ቆይቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በደጋ ለሚጠምቁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየመጽሐፉ የሚታተሙት የግፊት ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው። የሬጉሌተሩ መርፌ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ሲሆን የሄንሪ ሕግ ግን የሚቆጥረው ድምሩን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሯ የሚገፋው የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በሠንጠረዡ አምኖ 12 ላይ ያስቀመጠ የአዲስ አበባ ጠማቂ የሚያገኘው 2.5 ሳይሆን 2.1 ወይም 2.2 ቮልዩም ነው፤ ቢራውም ለምን እንደላላበት ሳይገባው ይቀራል። መፍትሔው ከ3 እስከ 4 ፒ.ኤስ.አይ. መጨመር ነው።

ግፊቱ ከታወቀ የቀረው ጊዜ ነው። ጋዙ ወደ ቢራው የሚገባው በገጹ ብቻ ነው፤ የበርሚሉ ወርድ ደግሞ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ በ12 ላይ አስቀምጦ መተው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። አስተማማኙ መንገድ ይህ ነው፤ ቢራው ከሚገባው በላይ ጋዝ ሊይዝ አይችልምና። ችኩሎች ግፊቱን ከፍ አድርገው በርሚሉን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ይንጡታል። መናጥ ገጹን ስለሚያበዛ በደቂቃዎች ውስጥ ጋዝ ይገባል፤ ነገር ግን መጠኑን የሚያውቅ የለም፤ በቀናት የዘቀጠው አተላም ሁሉ ተመልሶ ይነሣል። ይህን ዘዴ አልመክርም። የሚሻለው መካከለኛው ነው። ጄላቲኑ በገባበት ሰዓት ግፊቱን 30 ላይ ማድረግና ሳይነኩ ለ24 ሰዓት መተው፤ ከዚያ ጋዙን ዘግቶ፣ የበርሚሉን ክፍተት አስተንፍሶ፣ 12 ላይ መልሶ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ። ዝቃጩ ወደ ታች ሲወርድ ጋዙ ከላይ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አይረብሽም፤ በዚያው ሳምንት ሁለቱም ይደርሳሉ። ምናልባት ጋዙ ከበዛ የጋዙን ማያያዣ ነቅሎ በየጥቂት ሰዓቱ በክዳኑ ቫልቭ ማስተንፈስ በአንድ ቀን ያስተካክለዋል።

ጋዙ ስለሚመጣበት ሲሊንደርም ጥቂት ልበል። በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአብዛኛው ፈሳሽ ስለሆነ የከፍተኛ ግፊቱ መለኪያ ምን ያህል እንደቀረ አይናገርም፤ በ20 ዲግሪ ሙሉም ሆነ ሩብ 57 ባር አካባቢ ያሳያል፤ ፈሳሹ ሲያልቅ በድንገት ይወርዳል። ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ምንም ሳይጎድል ንባቡ ስለሚቀንስ ብዙዎች ጋዝ ያፈሰሰ ይመስላቸዋል። ትክክለኛው መለኪያ ሚዛን ነው፤ አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የባዶ ክብደት መቀነስ ብቻ ነው። 2.27 ኪሎ የሚይዘው ትንሹ ሲሊንደር ለማጽዳት የሚወጣውን ጋዝ ጨምሮ ወደ 10 በርሚል ያስኬዳል፤ አንድ መግጠሚያ ካፈሰሰ ግን በአንድ ሌሊት ባዶውን ያድራል። ስለዚህ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ መቀባት ልማድ ይሁን። ፍሳሹ ከገንዘብ በላይም ያስከፍላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ሲሊንደሩ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ቆሞና ታስሮ ይቀመጥ።

ቢራው ጠርቶና ጋዝ ይዞ ሳለ ሲቀዳ አረፋ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቱቦው ነው። ከበርሚሉ እስከ ቧንቧው ያለው ቱቦ አጭር ወይም ሰፊ ከሆነ ቢራው በኃይል ይወጣና ጋዙ ተበጥብጦ ይለቀቃል። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ግፊቱን በመንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ቧንቧውም በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ በግማሽ የተከፈተ ቧንቧ አረፋ ያበዛል። አረፋ በዛ ብሎ የበርሚሉን ግፊት ዝቅ ማድረግ ለዚያ ቀን ይረዳ ይሆናል፤ ቢራው ግን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የያዘውን ጋዝ እየለቀቀ ይሞታል።

በርሚሉን ወደ ሌላ ቤት መውሰድ ሲያስፈልግ፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለሠርግ፣ የመኪናው ንቅናቄ ዝቃጩን ያስነሣዋል። ለዚህ የሚሆነው ቢራውን ቀድሞ ወደ ሁለተኛ በርሚል ማዛወር ነው። ሁለተኛው በርሚል በማምከኛ ፈሳሹ ተሞልቶ በጋዝ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደ መጀመሪያውም 12 ፒ.ኤስ.አይ. ጋዝ ይይዛል። ከመጀመሪያው ጉሹ ብርጭቆ ተቀድቶ ይደፋል። ከዚያ የሁለቱ በርሚሎች የቢራ መግጠሚያዎች በአንድ ቱቦ ይያያዛሉ፤ የመጀመሪያው ጋዝ ማስገቢያ ከሲሊንደሩ ጋር እንደተገናኘ ይቆያል። የሁለተኛው ክዳን ቫልቭ በጥቂቱ ሲላላ ቢራው አየር ሳያይ፣ ሳያረፋ፣ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ይሻገራል። የብረቱ ውጫዊ ገጽ ቢራው በደረሰበት ከፍታ ላይ ጤዛ ስለሚይዝ ምን ያህል እንደሞላ በዓይን ይታያል። ቱቦው ውስጥ ደፍረስ ያለ ነገር መታየት ሲጀምር ማያያዣው ይነቀላል፤ የቀረው ሊትር የማይሞላ አተላ እዚያው ይተዋል።